ፍየል የጋለበው ልብስ ሰፊ

እናቴ ጸሐይወርቅ በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀሚስ ስድስት ጊዜ አሳጠረች፣ ስድስት ጊዜ አስረዘመች። ያንኑ ቀሚስ፤ ሰማያዊውን፣ አበባ ያለበትን። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ልክ የሚሆናትን ልብስ መርጣ መግዛት የማትችል ምስኪን ትመስለኝና አንጀቴን ትበላኝ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከቶርንክሊፍ ፓርክ ሁለት ባስ ይዘን ኤግሊንተን ዌስት፣ ጋሽ ሰብስቤ ልብስ የሚያስተካክልበት አልተሬሽን ቤት እንሄዳለን። እሷ መስታወቱ ፊት ትቆማለች። እሱ ስፒሎቹን በከንፈሩ ይዞ እግሯ ሥር ይንበረከካል።

«ትንሽ ረዘመ መሰለኝ» ትላለች።

«እኔም መስሎኛል» ይላል፣ ቀና ብሎ ሳያያት።

በሳምንቱ ደግሞ፦ «ኧረ አጠረ!»

«አዎ፣ አጥሯል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይተዉልኝ፣ ላስተካክለው።»

ቀሚሱ ምንም ጉድለት እንዳልነበረው የገባኝ በስንት ዓመቱ! ያኔ የደረስኩበት ድምዳሜ ሌላ ነው፤ ጋሽ ሰብስቤ ደግ ሰው ቢሆንም በሙያው ግን የማይረባ ነው ብዬ ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም ለእናቴ ሌላ ልብስ ሰፊ እንድትፈልግ መክሬያታለሁ። ባስ ውስጥ ነበርን። ሳቋን ለመደበቅ ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ አወጣችው፤ እኔ በርዷት መሰለኝ።

አባቴ እኔ መዳህ ሳልጀምር ነው የሞተው። በፎቶ ነው የማውቀው። እናቴ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ሽማግሌዎች እያነሳች እያስቀመጠች፣ ደብል ሽፍት እየሠራች ነበር የምታሳድገኝ። ከቅዳሜዋ በስተቀር ለራሷ የምትለው ቀን አልነበራትም።

ስፌት ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ደጅ ይቆማል። ደግነቱ አራተኛ ሰው የለም። ለባቡሩ ብለው መንገዱን የቆፈሩት በዚያው ሰሞን ነበርና ደንበኛ አጥሩን ዞሮ መምጣት ሰልችቶት ቀርቷል። እኔ ከሁለተኛ ክፍል ተነስቼ ኮሌጅ ስጨርስ እንኳ ያ ቁፋሮ እዚያው ነበር። መሰርሰሪያው ሲነሳ ግድግዳው ይርገበገባል፤ ጋሽ ሰብስቤ ልብሱን ጥሎ ወደ ክር መደርደሪያው ይሮጣል። የሚሮጠው ለክሩ አይደለም። ከክሩ በላይ ባለው የመስታወት ሳጥን ውስጥ ሀብቱ አለ፦ ከአውሮፓ የመጡ፣ ያረጁ፣ እጅ የማይሞሉ የፖርሴሊን ሸክላ ምስሎች።

እንደ ሌላው ሰው እረኛና አበባ የያዘች ቆንጆ አይሰበስብም። የሱ ምርጫ የሚያላግጡት ናቸው። ዊግ ያደረጉ፣ የቤተ መንግሥት ካባ የደረቡ ዝንጀሮዎች አሉት፤ አንዱ ቫዮሊን ይመታል፣ አንዱ መለከት ይነፋል፣ ሆዳሙ ዝንጀሮ ከፊታቸው ቆሞ የሙዚቃ መሪ ዱላውን ያውለበልባል። በሽተኛውን ትቶ የራሱን መልክ በመስታወት የሚያይ ሐኪም አለው። የነዶ ሸክም የያዘ መነኩሴ አለው፤ ከነዶው ውስጥ የሴት እግር ብቅ ብሏል።

«ይቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው?» ብዬ ጠይቄዋለሁ።

ጋሽ ሰብስቤ ወደ እናቴ አየ። እናቴ ወደ ኮርኒሱ አየች።

«አሟት ነው» አለ በመጨረሻ። «ጠበል እየወሰዳት ነው።»

ይህንኑ የደጉን መነኩሴ ታሪክ በሰንበት ትምህርት ቤት፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ከነነዶው ተርኬዋለሁ። አሁን ሳስበው ጆሮዬ ድረስ ይሞቀኛል።

እነዚህን ምስሎች የሚያገኛቸው ሰው ሞቶ ልጆቹ ቤቱን ከፍተው ዕቃ ከሚሸጡበት ቦታ ነው፤ አንዳንዴ እኛንም ይዞን ይሄዳል። ምስሉን በሁለት እጁ ያነሳና ዐይኑን ይጨፍናል። ከዚያ አውራ ጣቱን ቀስ አድርጎ ያስኬዳል፤ በአንገቱ ሥር፣ በክንዱ፣ በጣቶቹ መሃል። ተሰብሮ የተጣበቀ ቦታ ካለ ዐይን ቢያልፈውም የሱ ጣት አያልፈውም። «እዚህ ጋ ስፌት አለ» ይላል፤ ፖርሴሊን ሆኖ ስፌት! ሻጩ ይምላል ይገዘታል። ኋላ በመብራት ሲታይ እውነትም ስንጥቅ ይገኛል።

አጎቴ ባልቻ ግን ይህን ሁሉ ሲሰማ ደሙ ይፈላል። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። አያቴ ፊታውራሪ ነበሩ፤ አጎቴ ዳውንታውን አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሱፐርቫይዘር ነው። ግን መኪና ሲያስቆም እንኳ የፊታውራሪ ልጅ ሆኖ ነው የሚያስቆመው፤ ሹፌሩ ሊሰግድለት ምንም አይቀረው። «አንድ ትልቅ ሰው በአሻንጉሊት ሲጫወት ይውላል?» ይላል። «ያውም ልብስ ሰፊ!» ልብስ ሰፊ የሚለውን ቃል ሲያወጣ አፉ ውስጥ የገባ ጸጉር የሚተፋ ነው የሚመስለው። እኔ በልቤ ሆዳሙን ዝንጀሮ ባልቻ ብዬዋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለጋሽ ሰብስቤ ብቻ። እሱም ለማንም አልተናገረም፤ ለእናቴ ብቻ።

አንድ ቅዳሜ ስንደርስ ጋሽ ሰብስቤ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ፊቱ ልክ እንደ ልጅ ሆኗል።

«ተገኘ» አለ።

ሃያ ዓመት ሲፈልገው የኖረውን ነው ያገኘው። ፍየል ላይ የተቀመጠ ልብስ ሰፊ! ባለ ላባ ኮፍያ፣ ባለ ወርቅ ቁልፍ ኮት፣ አፍንጫው ላይ መነጽር፣ ወገቡ ላይ መቀስ፣ ጀርባው ላይ ጥቅል ጨርቅ። ፍየሉ ደግሞ ሁለት ቀንዱን ወደ ኋላ አጥፎ፣ ጌታ የተሸከመ መሆኑን አውቆ ነው የሚራመደው። ጋሽ ሰብስቤ ገልብጦ ከሥሩ የተሳሉ ሁለት የተጠላለፉ ሰማያዊ ሰይፎች አሳየን። «የፋብሪካው ምልክት የውሸት ነው፤ ከብዙ ዘመን በኋላ የተቀዳ ነው። ግድ የለም፤ ፍየሉ የእውነት ነው» አለ።

ከዚያ ታሪኩን ነገረኝ።

«አንድ ልብስ የሚወድ ትልቅ ጌታ ነበር። ለጠዋት ሌላ፣ ለማታ ሌላ። ይሄ ሰውዬ ሲሰፋለት ሲሰፋለት ኖረና አንድ ቀን ‹ጌታዬ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም፤ አንዴ ብቻ ከትልልቆቹ ጋር ማዕድ ልቀመጥ› አለው።»

«እሺ አለው?»

«እሺ አለው። እንግዶቹ መጥተው ሲቀመጡ ጠረጴዛው መሃል ይሄ ቆሟል። ከነፍየሉ።»

«እልል!» ብዬ አጨበጨብኩ። «ጎበዝ! ሐውልት ተሠራለት! ፍየልም ተሰጠው!»

ጋሽ ሰብስቤ ትክ ብሎ አየኝ። የሰውዬው ልመና መሳቂያ እንደሆነ፣ በሱ ምትክ ሸክላ ማዕድ ላይ አውጥተው እንደተዝናኑበት ሊነግረኝ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ተወው። «አዎ» አለ፣ «እንኳን ደስ ያለው።» ታሪኩ እውነት ይሁን ተረት እሱም እርግጠኛ አይደለም።

ስንወጣ ያንን ሃያ ዓመት የፈለገውን ምስል በሐምራዊ የኮት ገበር ጠቅልሎ ሰጠን። እኔ የተሰጠው ለኔ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ፤ እናቴ ቀደመችኝ። «እንዴ ሰብስቤ! ምን ነካህ!» አለችው። እስከዚያች ቀን ድረስ እርስዎ ስትለው ነበርና ተቆጣችው ብዬ ደነገጥኩለት። ቤት ስንደርስ ምስሉን ማዕድ ቤት፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ከአጃው ቆርቆሮ ኋላ ደበቀችው። በጣም ነው ያዘንኩባት። ሰው ስጦታ ሲሰጥ ከአጃ ኋላ ይደበቃል?

ጋሽ ሰብስቤ በዚያ ምስል «ማዕድሽ ላይ ቦታ አለኝ ወይ? ከሌለም ሳቂብኝና አስቀምጪኝ» ብሎ እንደጠየቃት፣ እሷም መልሷን ከአጎቴ ዐይን እንደሸሸገች ማን ይንገረኝ። ማታ ማታ እኔ የተኛሁ ሲመስላት ቁም ሳጥኑን ትከፍተው ነበር። አጃ የምትበላ ነበር የሚመስለኝ።

ጋሽ ሰብስቤ የላካቸው ሽማግሌዎች የመጡት በወሩ፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ነው። አጎቴ ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ቤት ከሁለት ሰው ጋር ተጋርቶ ስለሚኖር ሽማግሌ የሚቀበልበት ሳሎን የለውም፤ የኛን ሳሎን ለዕለቱ ወረሰው። ከጠዋት ጀምሮ ያቺን ግራጫ ኮቱን ለብሶ ሲንጎራደድ አረፈደ። ኮቷን ጣሊያን ነው ያስተካከለልኝ እያለ የሚኮራባት ናት። እናቴ ወስዳ አሰፍታለታለች፤ ዳውንታውን ጣሊያን ጋ ብላዋለች። ያ ጣሊያን ኤግሊንተን እንደሚኖርና በአማርኛ እንደሚያንጎራጉር እኔና እሷ እናውቃለን።

እናቴ ምግቡን ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ማዕድ ቤት ገባች፤ ልማዱ ነው፣ የሚለመንባት ሴት አትታይም። ለኔ ግን ማንም ያስረዳኝ የለም። እንግዳ ይመጣል ነው የተባልኩት።

ሦስት ነበሩ። አቶ ዘርይሁን፣ ታክሲ የሚነዱት። መሪጌታ ኢሳያስ፣ ከቤተ ክርስቲያን። ሦስተኛው ቁመታቸው የረዘመ፣ ቃል የማይተነፍሱ ሰው፤ ስማቸውን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ገብተው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

«ተቀመጡ እንጂ» አለ አጎቴ።

«ልመና ይዘን ነው የመጣነው» አሉ አቶ ዘርይሁን። «ቃል ሳይሰጠን አንቀመጥም።»

እኔ የሰማሁት አንቀመጥም የሚለውን ብቻ ነው። ወንበሮቻችንን ቆጠርኩ፤ አራት ናቸው፣ አንዱ እግሩ ይወዛወዛል። እንግዶቹ ይሉኝታ ይዟቸው ነው! ሮጬ ወጣሁና የጎረቤታችንን የእትዬ ሀፍሳን በር ደበደብኩ።

«እትዬ ሀፍሳ፣ ሰዎቹ ወንበር አጥተው ቆመዋል!»

«በስመአብ በይ እንጂ ልጄ፣ በሩን ልትገነጥይው ነው» አለችኝ፤ እሷ ሙስሊም ናት፣ ይህን የምትለው እኔን ለማሳቅ ነው። ሁለት ታጣፊ ወንበር ሰጠችኝ። እየጎተትኩ ገብቼ ዘረጋኋቸው። ማንም አልተቀመጠም። ተመልሼ ሁለት አመጣሁ። አሁንም ቆመዋል። በሦስተኛው እትዬ ሀፍሳ ራሷ ወንበር ተሸክማ መጣች፤ ሁኔታውን ከበሩ ላይ አየችና ነገሩ ስለገባት ወንበሩን አስቀምጣ፣ ሻርፗን አፏ ውስጥ ከታ ተመለሰች። ሳሎኑ ውስጥ ዘጠኝ ወንበር ሆነ፤ የቆመ ሰው አራት።

«አንቺ ሥርጉት! ወንበሩን ተይ አልኩሽ!» ብሎ ጮኸ አጎቴ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «አባቴ ፊታውራሪ ነበር። ታውቃላችሁ። እኔ ዛሬ ከልብስ ሰፊ ጋር አንድ ማዕድ ልቀርብ ነው? በኔ ዕድሜ? አይሆንም! ሂዱና አይሆንም በሉት።»

ማዕድ ቤት ውስጥ ሳህን ሲቀመጥ ሰማሁ። እናቴ ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ እጇ ሳሙና ነክቶት በሩ ኋላ ቆማ፣ ቀሪ ሕይወቷ ሳሎን ውስጥ ሲፈረድበት ትሰማለች። ወንድሟን ጥሳ እንደማትወጣ ታውቃለች፤ ጋሽ ሰብስቤም ያውቃል።

እኔ ግን ደስ አለኝ! ምክንያቱም ችግሩ ገባኝ። ጋሽ ሰብስቤ ማዕድ መቀመጥ አምሮታል፤ አጎቴ እንዴት እንደሚደረግ አያውቅም። እንዴት እንደሚደረግ የማውቀው እኔ ነኝ። በእናቴ ክንድ ሥር ሾልኬ ገባሁ፣ አጃውን ገፋሁ፣ ልብስ ሰፊውን ከነፍየሉ አውጥቼ ጠረጴዛው መሃል፣ በዳቦውና በሰላጣው መካከል አቆምኩት።

«ይኸው» አልኩ። «ጋሽ ሰብስቤ ማዕድ ቀረበ።»

አጎቴ ምስሉን አየ። ፊቱ ጠቆረ።

«ምንድነው ይሄ? ፍየል? በፍየል ልሰደብ ነው እኔ?» ብሎ ጠረጴዛውን በጡጫው መታው። ሳህኖቹ ዘለሉ። ፍየሉ በጎኑ ወደቀና ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

ያኔ ነው እናቴ ልማዱን ጥላ የወጣችው። እጇን እንኳ አላደረቀችም። ፍየሉን አነሳችና አቆመችው፤ አንድ ቀንዱ የለም። ልትጮህ ነው ብዬ ነበር፤ ግን ድምፅዋ ቀስ ያለ ነበር። ታሪኩን ነገረቻቸው፤ ጌታውን፣ ልብሱን፣ ልመናውን፣ ሳቁን። ያን ቀን ነው ሳቅ እንደነበረበት ያወቅኩት።

«ወንድም ጋሼ» አለችው መጨረሻ ላይ፣ «የዚያ ጌታ ስሙ ማን ነበር?»

«እኔ ከየት አባቴ አውቄው!»

«እኔም ተነግሮኝ ነበር፤ ረሳሁት። ልብስ ሰፊውን ግን ይኸው፤ ስንት መቶ ዓመት አልፎት፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ዛሬም ማዕድ ላይ ነው።»

አጎቴ አሳዘነኝ፤ ላጽናናው ፈለግኩ።

«ጋሽ ሰብስቤ እኮ ይወድሃል» አልኩት። «ኮትህን ያሰፋልህ እሱ ነው። ሆዱን እንዳያጨናንቀው ሁለት ጣት ጨምሬለታለሁ ብሏል።»

የአጎቴ እጅ ሳያስበው ወደ ሆዱ ሄደ። እናቴ ዐይኗን ጨፈነች። መሪጌታ ኢሳያስ ሳል ያዛቸው፤ ሳሉ ሳል አልነበረም። ያ ቃል የማይተነፍሱት ረጅሙ ሰው ግን ከሆዳቸው በሳቅ ፈነዱ፤ ተንገዳግደው ከኋላቸው የነበረው የእትዬ ሀፍሳ ወንበር ላይ ዘጭ አሉ።

አቶ ዘርይሁን ወንበሩን አዩ፣ ሰውዬውን አዩ፣ ከዚያ በደስታ እጃቸውን አጨበጨቡ።

«እንግዲህ ሽማግሌ ተቀምጧል!» አሉ። «ሽማግሌ ከተቀመጠ ቃል ተሰጥቷል!» ብለው እሳቸውም ተቀመጡ። መሪጌታም አልዘገዩም።

«ይሄ አይቆጠርም!» አለ አጎቴ። «ስቆ ነው የወደቀው!»

«እኔ ሰጥቻለሁ» አለች እናቴ።

አጎቴ ሦስት ሳምንት ላስብበት አለ። ክብሩ ነው፤ ይታሰብለት። በአራተኛው ሳምንት እሺ አለ፤ በሠርጉም ዕለት በዚያች ኮት ከማንም በላይ ጨፈረ።

የቀንዱ ነገር ግን ሳይታወቅ ቀረ። ጠረጴዛው ሥር በሆዴ ተኝቼ ፈልጌያለሁ። እናቴ ፍሪጁን አስነስታለች። ጋሽ ሰብስቤ «ይቅር፣ ፍየሉ አሁንም ይሄዳል» አለ። እኔ ትምህርት ቤት አጋዘን ቀንዱን ጥሎ በዓመቱ እንደሚያበቅል ስለተማርኩ ጠዋት ጠዋት እያየሁ ስጠብቅ ከረምኩ። ምስሉ ከአጃ ኋላ ወጥቶ ሳሎን ገብቷል፤ በበዓል በበዓል ማዕዱ መሃል ይቆማል፤ ከአጠገቡ ጋሽ ሰብስቤ ይቀመጣል። አባዬ ማለት የጀመርኩት በየትኛው በዓል እንደሆነ ትዝ አይለኝም።

ባለፈው ጥቅምት ለኔ ሽማግሌ ተላከ። ልጁ ሊዮ ነው፤ ከስፌት ቤቱ አጠገብ ያለው የጃማይካ ዳቦ ቤት ልጅ። ሽማግሌ የሚሆነው አማርኛ ተናጋሪ ዘመድ ስለሌለው ከኛ ሰው መሃል የቀረበውን፣ ኳስ አብሮት የሚያየውን ሰው ለመነ። ያ ሰው አጎቴ ባልቻ ነው።

ያችን ግራጫ ኮት ለብሶ፣ በሰባ ምናምን ዓመቱ፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ ገባ። ሳሎናችን ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። አባዬ ከማዕድ ቤቱ በር አጠገብ ባለው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ተቀመጥ አላለውም። ልማዱ ባይፈቅድልኝም ከበሩ ኋላ አንገቴን አስግጌ ነበርና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እስቲ ትንሽ ይቁም» አለኝ። ዐይኑ ይስቃል።

«ልመናችንን ከመናገሬ በፊት ሌላ ጉዳይ አለኝ» አለ አጎቴ። እጁን ወደ ውስጥ ኪሱ ሰደደና የተጣጠፈ ሶፍት አወጣ። ጠረጴዛው ላይ፣ ፍየሉ እግር ሥር፣ የጥፍር ያህል ነጭ ቀንድ አስቀመጠ።

«ያን ቀን እጄ ሥር ወደቀች። አፍሬ ኪሴ ከተትኳት። ነገ እመልሳለሁ ስል፣ ከነገ ወዲያ ስል… ሰብስቤ፣ አንተን ፊት ለፊት እያየሁ ማውጣት አቃተኝ። ይቅር በለኝ።»

እናቴ አፏን ያዘች። እኔ ያንን ሁሉ ጠዋት ቀንድ እስኪበቅል የጠበቅኩትን አሰብኩ።

አባዬ ቀንዷን አንስቶ ዐይኑን ጨፈነ፤ አውራ ጣቱን ቀስ አድርጎ አስኬደባት።

«ኮትህን ስንት ጊዜ አምጥተህልኛል፣ ባልቻ?»

«እኔንጃ። ስድስቴ፣ ሰባቴ።»

«የውስጥ ኪሱ ተቀዶ ነበር። ሁለት ጊዜ ሰፍቼዋለሁ» አለ አባዬ። «ቀንዷ እንዳትወድቅብህ ብዬ።»

አጎቴ ባልቻ የሊዮን ስም እንኳ አላነሳም። ከኋላው ያለውን ወንበር በእጁ ዳብሶ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

እናቴ ዐይኗን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። «እንግዲህ ሽማግሌ ተቀምጧል» አለች።

ሊዮ ታች መኪና ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል። ስልኬን አወጣሁና «ተቀመጠ» ብዬ ጻፍኩለት።

«ጥሩ ነው መጥፎ?» አለኝ።

«ና ውጣ» አልኩት። «ወንበር አለ።»